የሰፈር ጨዋታ በቤተ መጻሕፍት፦ ተረትንና የአቅኚዎችን ታሪክ በጎንደር እንዴት እንሰብስብ?

ጎንደር ውስጥ አንድ አዛውንት አስቀምጦ «ስለ ከተማችን ታሪክ ይንገሩን» ያለ ሰው የሚሰማው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። አፄ ፋሲል ከተማዋን ቆረቆሩ፣ ግንቡን አሠሩ፤ ከዚያ አርባ አራቱ ታቦት፣ የቋራው ካሣ፣ ድርቡሽ፣ ጣሊያን። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ አለ፤ ተራኪውም አብዛኛውን ያገኘው ከመጽሐፍ ወይም ከሬዲዮ ነው። በመጽሐፍ የሌለው ሌላ ነው፦ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የሞተር ወፍጮ ቀድሞ የተከለው ማን ነው? ቧንቧ ሳይገባ የየትኛው ሰፈር ሴቶች ቀሃ፣ የየትኛው ሰፈር ሴቶች አንገረብ ይወርዱ ነበር? አዘዞ ድረስ በእግር ሲኬድ የት ላይ ይታረፍ ነበር? የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ይህንን ማውጣት ነው። ተራኪውን ከግንቡ አውርዶ ወደ ሰፈሩ መመለስ።

መመሪያው ለሕዝብና ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ከእነሱ ጋር ለሚሠሩ በጎ ፈቃደኞችም ነው። አቅኚ ስንል መሬት ያቀኑትን የጥንት አባቶች ብቻ አይደለም። በሰፈሯ ጠጅ ቤት ቀድማ የከፈተችው፣ የልብስ ስፌት መኪና ይዞ የመጣው፣ ሴት ልጁን ቀድሞ ትምህርት ቤት የሰደደው፣ በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሠልጥነው የወጡት የመጀመሪያዎቹ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ሁሉ አቅኚዎች ናቸው።

አንድ ሰፈር፣ አንድ ጉዳይ

«የጎንደር ታሪክ» ርዕስ አይሆንም። ለአንድ ዙር፣ ማለትም ለሦስት ወር ያህል፣ አንድ ሰፈርና አንድ ጉዳይ ምረጡ፦ ውሃ በአዲስ ዓለም፣ ወፍጮ በቅዳሜ ገበያ ዙሪያ፣ ሱቅና ሆቴል በፒያሳ፣ ሸክላና ብረት ሥራ በወለቃ። ለአንድ ዙር ከ6 እስከ 8 ተራኪ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከተቀረጸ ጽሑፉ አይደርስም፤ ሳይጻፍ የተቀመጠ ድምፅ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን እንደያዘ የሚያውቅ ሰው አይኖረውም።

አራት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይቀርጻል፣ አንዱ ስምና ዓመት በወረቀት ይይዛል፣ አንዱ እንግዳ ያስተናግዳል። ጠያቂው መቅረጫውን አይንካ። ዓይኑ ወደ መሣሪያው በሄደ ቁጥር ተራኪው «ይበቃል መሰለኝ» ብሎ ያሳጥራል።

ተራኪ ለማግኘት በቀበሌ ብቻ አትሂዱ። ቀበሌው የሚልክላችሁ በየስብሰባው የሚናገሩትን፣ ንግግር የለመዱትን ሦስት አራት ሰዎች ነው። የእድር ዳኞችን፣ ጡረታ የወጡ መምህራንን፣ የልምድ አዋላጆችን፣ የቆዩ ልብስ ሰፊዎችን፣ የጭነት መኪና ሹፌሮችን ጠይቁ። እያንዳንዱ ሰው ሲጨርስ «ይህን ከእርስዎ በተሻለ ማን ያውቃል?» ይባል። በሁለት የተለያየ አፍ የተጠራ ስም በሚቀጥለው ዙር ዝርዝር ላይ አንደኛ ይሆናል።

ከቅጂው ቀን በፊት አንድ ጊዜ ቤታቸው ሂዱ፤ ያለ መሣሪያ፣ ለግማሽ ሰዓት። ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለሚመቻቸው ሰዓት ተጫወቱ። ታሪኩን ለመጀመር ሲቃጡ ግን በትሕትና አቁሟቸው፦ «እሱን ለዚያ ቀን ያቆዩልን።» አንድ ጨዋታ መጀመሪያ ሲወጣ ሙሉ ነው። በሳምንቱ ሲደገም «ባለፈው እንደነገርኳችሁ» እየተባለ ግማሹ ይቀራል።

ቀኑና ቦታው

ጎንደር ውስጥ ቀን መቁረጥ ቀላል አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ብዛት የተነሣ የአንዱ ደብር ንግሥ ካልሆነ የሌላው ነው፤ በዚያ ላይ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም የማኅበር ጽዋ ያለበት ብዙ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ጋር ይጋጫል፤ በረመዳን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጾመኛን ማስወራት ግፍ ነው። የጥምቀትን ሰሞን ጨርሶ እርሱት። የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት ነው፦ ከ8:30 እስከ 10:30። አዛውንቶች ሳይመሽ ቤታቸው መግባት አለባቸው።

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የድምፅ ቅጂ አትያዙ። ዝናቡ ሲጀምር የሰውየው ድምፅ ይሰጥማል፤ በኋላ በኮምፒውተር የሚጠራም አይደለም። ክረምቱ የጽሑፍና የማጣራት ወቅት ይሁን።

ክፍሉን ስትመርጡ መሐሉ ላይ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው «ጭው» ብሎ ከተመለሰ ቅጂውም እንደዚያው ይሆናል። መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ድምፅ ይውጣል፤ ስለዚህ ባዶ አዳራሽ ከመፈለግ በመደርደሪያ መሐል ያለ ጠባብ ቦታ ይሻላል። መስኮት ላይ መጋረጃ፣ ወለል ላይ ምንጣፍ ይጨመር። ወንበሮች በግማሽ ክብ ይደርደሩ፤ ተራኪው ጀርባውን ለግድግዳ ይስጥ፤ ብርሃኑ በጠያቂው ፊት ላይ ይውደቅ። ጆሮው የደከመ ሰው ከንፈር አይቶ ነው የሚሰማው።

ቡና የግድ ነው፤ ሰዓቱንና ቦታውን ግን ወስኑ። ለ30 ሰው ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡናና ሦስት ትልልቅ ጀበና ይበቃል። የሚቆላውና የሚፈላው በረንዳ ላይ ነው፤ የከሰል ጢስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ራስ ያዞራል፣ አልፎም ይገድላል። ለመጻሕፍቱም ቢሆን የዕጣን ጢስ አይመከርም። ሲኒ የሚቀርበው ቅጂው ካለቀ በኋላ ወይም በዕረፍት ነው። የሲኒ መጋጨት ያለ ርኅራኄ በቃል ላይ ያርፋል፤ ብዙ ጊዜም የሚያርፈው በሰው ስም ላይ ነው። በጾም ቀን ለሚቀርበው ዳቦ ወተትና ቅቤ እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ ቆሎ ለሁሉም ይሆናል፣ ጥርስ ለሌለው ግን ቂጣ ጨምሩ።

መቅረጫው

ደህና ስልክ ይበቃል። ከጃኬት ኮሌታ ላይ የምትሰካ ባለ ሽቦ ማይክሮፎን ከተገኘች ደግሞ ከማንኛውም ውድ ካሜራ የበለጠ ትጠቅማለች። የምትሰካው ከአገጭ በታች አንድ ስንዝር ያህል ወርዳ ነው። ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ጨርቁን ባነሣ ቁጥር ማይክሮፎኗ ትንኮሻኮሻለች፤ ስለዚህ በጋቢው ሳይሆን በውስጥ ልብሱ ላይ ትሰካ፤ ጋቢው ከላይ እንዳይሸፍናት በመርፌ ቁልፍ ይያዝ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ስልኩን ወደ አውሮፕላን ሁነታ ቀይሩ። ጥሪ ሲገባ አንዳንድ ስልክ ቅጂውን ያቋርጣል፤ ማንም ሳያውቅ።
2. የፋይሉን ዓይነት «ዋቭ» (WAV) አድርጉ፦ 48 ኪሎኸርትዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ። በሰዓት 345 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ 32 ጊጋባይት ካርድ ወደ 90 ሰዓት ይይዛል። ኤምፒ3 ለማዳመጥ ነው እንጂ ለማስቀመጥ አይደለም።
3. ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ተጨማሪ ፓወር ባንክም ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። መብራት ይጠፋል ብላችሁ ጀምሩ።
4. የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቅረጹ፤ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ቅጂው ሲጀምር የሰዓት ቆጣሪው መሮጥ ብቻ አይበቃም፤ ማይክሮፎኗ በደንብ ካልገባች ስልኩ በራሱ ማይክ ይቀርጻል።
5. በሁለተኛ ስልክ ጎን ለጎን ቅረጹ፤ መጠባበቂያ ነው።
6. ጠያቂው መጀመሪያ በድምፁ ይናገር፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተራኪውን ስም ከነአባቱ፣ የጠያቂውን ስም፣ ፈቃድ መሰጠቱን። ወረቀት ቢጠፋ ድምፁ ራሱን ያስረዳል።

አንድ ቅጂ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥ። ሰውየው ባይደክሙ እንኳ ጠያቂው ይደክማል፤ የደከመ ጠያቂ ደግሞ «እሺ፣ እሺ» ማለት እንጂ መጠየቅ ያቆማል። ቪዲዮ አማራጭ ነው። ለአዝማሪ፣ ለሸክላ ሥራ፣ እጅ ለሚናገርበት ነገር ይጠቅማል፤ ለሌላው ግን ካሜራ ሲደቀን ሰው አንገቱን አቅንቶ የመድረክ አማርኛ ይጀምራል።

አጠያየቁ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ሰፊ ጥያቄ ሰፊ መልስ ያመጣል፤ ሰፊ መልስ ሁሉ ደግሞ ወደ ግንቡ ይመለሳል። ጥያቄው ቦታ፣ ዕቃና እጅ ያለበት ይሁን።

«ሕይወት ድሮ እንዴት ነበር?» አትበሉ። «እማማ፣ ወፍጮ ቤት ሳይከፈት የቤቱን እህል ማን ነበር የሚፈጨው? ወፍጮ ድንጋዩስ ከየት ነው የሚመጣው?» በሉ። «ፒያሳ እንዴት ተለወጠ?» ሳይሆን «ከጃንተከል ዋርካ ሥር ቆመን ወደ ፖስታ ቤቱ ብንሄድ፣ በልጅነትዎ በቀኝ በኩል የመጀመሪያው በር የማን ነበር? ቀጥሎስ?» በር በበር መሄድ ከሁሉም የተሻለ ዘዴ ነው። ሰው ዓመት ይረሳል፣ የበር ቅደም ተከተል ግን አይረሳም። ከቻላችሁ የሰፈሩን ንድፍ በትልቅ ወረቀት አሥላችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፤ ተራኪው በጣቱ ሲጠቁም ጻፊው ቁጥር ይስጥ። ተራኪው «እዚህ ጋ» ሲል ጠያቂው ለድምፁ ይተርጉም፦ «ከልደታ መውረጃው ላይ ማለትዎ ነው?» ካላደረገ በኋላ የሚያዳምጠው ሰው «እዚህ» የት እንደሆነ አያውቅም።

ከእያንዳንዱ ትልቅ ነገር በኋላ አንድ ጥያቄ አትዝለሉ፦ «ያዩት ነው የሰሙት?» የሰሙት ከሆነ «ከማን?» በሥነ ሥርዓት ሲጠየቅ የሚቀየም የለም። ሒሳቡንም ራሳችሁ ሥሩ። በ2018 ዓ.ም. የ85 ዓመት ሰው የተወለዱት በ1933 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ የአንድ ዓመት ሕፃን ነበሩ። ስለ ጦርነቱ የሚሉት ምንም ያህል ሕያው ቢሆን የእናታቸው ወይም የአባታቸው ምስክርነት ነው፣ እንደዚያም ተብሎ ይመዝገብ። ይህ ታሪኩን አያሳንሰውም። ባለቤቱን ለይቶ ማወቅ ብቻ ነው።

ዓመት ሲጠፋ መዳረሻ ስጡ። ጠያቂው እነዚህን በኪሱ ይያዝ፦ ጣሊያን የገባበት 1928፣ የወጣበት 1934፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ የተከፈተበት 1947፣ ንጉሡ የወረዱበት መስከረም 1967፣ የእድገት በኅብረት ዘመቻ በዚያው ዓመት፣ የትርፍ ቤት አዋጅ ሐምሌ 1967፣ የብር ኖት ለውጥ 1969፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ 1971፣ ድርቁ 1977፣ የመንግሥት ለውጥ 1983። «ወፍጮው ሲተከል አግብተው ነበር? የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር? ገንዘቡ አሮጌው ብር ነበር አዲሱ?» ከሦስት እንዲህ ያለ ጥያቄ በኋላ ዘመኑ አምስት ዓመት በማይሞላ ክልል ውስጥ ይወድቃል። ካልወደቀ «በ1950ዎቹ» ብላችሁ ጻፉ፤ ዓመት አትፍጠሩ።

ዝምታን አትፍሩ። ተራኪው ሲያቆም በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ጀማሪ ጠያቂ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል፤ ትልቁ ነገር የሚመጣው ግን ከዝምታው ቀጥሎ ነው።

ሴቶችን ከወንዶች ለይታችሁ የምትጠይቁበት ቀን ይኑር። ባል ባለበት «እሱ ያውቃል» ይባላል፤ እሱ ደግሞ ስለ ውሃ መቅጃ፣ ስለ ጥጥ ፈተላ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ጠላ ንግድ አያውቅም። በጋራ ጨዋታ ላይም አንዱ ሲናገር ሌላው «አይደለም፣ አይደለም» ብሎ ሲያርም ቅጂው ይበላሻል። አስተናጋጁ አራሚውን ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ የእርስዎን ለብቻ እንቀርጻለን» ይበል፤ የእውነትም ይቅረጽ። ሁለት የማይገጥሙ ትረካዎች ከአንድ የተስማማ ትረካ ይበልጣሉ።

የልጆች የተረት ሰዓት

ይህ የተለየ ጉባኤ ነው፤ ከታሪኩ ጋር አትቀላቅሉት። ከ6 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች 40 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ25 ልጅ አይብለጥ። በእንቆቅልሽ ጀምሩ። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» ሲባባሉ አፋሩ ልጅ ሳያስበው አፉን ይፈታል። ያላወቀው አገር ይሰጣል፤ የጎንደር ልጅ ጎንደርን ለመስጠት ሲያቅማማ ማየት ራሱ ጨዋታ ነው።

ከዚያ «ተረት ተረት!» «የላም በረት!» ይባላል። ሁለት ተረት ብቻ፤ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም። ተረቱ በቃል ይነገራል እንጂ አይነበብም፤ መጽሐፍ የያዘ ተራኪ ዓይኑን ያጣል። አያ ጅቦንና እሜቴ ጦጣን የሚያወራ ሰው ድምፁን ይለውጥ፣ ልጆቹም ተመላሹን ቃል በጋራ ይድገሙት። የተረቱን መጨረሻ ለማለሳለስ አትሞክሩ። ጅቡ ከተበላሸበት ተበላሸበት፤ ልጆች የሚያስታውሱት እሱን ነው። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ሲዘጋ እውነተኛ ዳቦ ቢቆረስ ማን ይጠላል?

በሚቀጥለው ሳምንት ከመጡት ልጆች ሁለቱ የሰሙትን ያውጉ። ከአያታቸው ሌላ ዓይነቱን ሰምተው የመጡ ካሉ ያ አያት የሚቀጥለው ተራኪ ናቸው። ብዙ ጥሩ ተራኪ የሚገኘው በልጅ ልጅ በኩል ነው።

የልጅ ድምፅና ምስል ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይቀረጽም።

የቤተሰብ ፎቶ

ከጨዋታው ጋር ፎቶ አምጡ በሉ፤ ግን ፎቶው ከቤተ መጻሕፍቱ አይደር። ሰውየው ቡና ሲጠጡ ይነሣና ወዲያው ይመለስላቸው። በስካነር ከሆነ 600 ዲፒአይ ይሁን፤ ስካነር ከሌለ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጎ ማንሣት ይሆናል። የፎቶውን ጀርባም አንሡ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ቀኑ፣ «ለማስታወሻ» የተባለለት ሰው ስም ያለው እዚያ ነው። ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ አታላቅቁ፤ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ትንሽ አጋድላችሁ አንሡት። በፎቶው ላይ ምንም አይጻፍ፤ ቁጥሩ የሚጻፈው በማቀፊያው ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ ነው።

የዘመን አቆጣጠር እዚህ ላይ ያሳስታል። ጣሊያኖች ያነሡት ፎቶና የውጭ መምህራን የጻፉት ደብዳቤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የኮሌጁ መከፈት በአንዱ ወረቀት 1954፣ በሌላው 1947 ቢባል ሁለቱም ልክ ናቸው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ካርዱ ላይ ሁልጊዜ በኛ አቆጣጠር ጽፋችሁ ሰነዱ ላይ ያለውን እንዳለ ከጎኑ ገልብጡ።

ፈቃድና ጥንቃቄ

የፈቃድ ወረቀቱ አንድ ገጽ፣ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ይሁን። ሦስት ምርጫ በቂ ነው፦ ለሁሉም ክፍት፤ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻ የሚሰማ፤ እስከዚህ ዓመት ዝግ። ማንበብ የማይችል ሰው በድምፁ ይፍቀድ፣ ቅጂው ላይ ይግባ። አዝማሪ፣ ባለ ቅኔና ሌላም አቅራቢ ሲሆን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአቅራቢውንም መብት ይጠብቃል፤ ዘፈኑን ወይም ግጥሙን በኢንተርኔት ለመልቀቅ ለብቻው ፈቃድ ጠይቁ።

ክፍያን በተመለከተ የትራንስፖርትና የሻይ አስቀድሞ በተነገረ፣ ለሁሉም እኩል በሆነ መጠን ይሰጥ። በታሪኩ ርዝመት መክፈል ታሪኩን ያስረዝመዋል። አዝማሪ ግን በሙያው የሚተዳደር ባለሙያ ነው፤ ዋጋውን ተነጋግራችሁ ክፈሉ።

ሦስት ቦታ ላይ እግር ያዝ ይደረግ። አንደኛው ቤትና ቦታ ነው። «ያ ቤት የኛ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከትርፍ ቤት አዋጁ (ቁጥር 47/1967) ጀምሮ እስከ ዛሬ ቁስል አለው፤ ቅጂው ነገ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊጠራ ይችላል። ትረካውን ቅረጹ፣ ባለቤትነትን ግን በካርዱ ርዕስ ላይ አታጽድቁ። ሁለተኛው የቀይ ሽብር ዘመን ነው። የገዳይና የጠቋሚ ስም ሲጠራ ዘመዶቻቸው ዛሬም እዚያው ሰፈር ናቸው፤ እንዲህ ያለው ክፍል ለረጅም ዓመታት ዝግ ይሁን፣ በጋራ ጨዋታ ላይም አይነሣ። ሦስተኛው የባለ እጆች ስም ነው። ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭን፣ ሸማኔን «ቡዳ» እያሉ መጥራት በቆየ ተረት ሁሉ አለ። ተራኪው ያለውን አትሰርዙ፤ በማውጫው ላይ ግን ሰዎቹ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም መዝግቡ፦ ቤተ እስራኤል፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ።

ካህናትን ስትጠይቁ ደግሞ ስለ ታቦቱ አትጠይቁ። ስለ ቅኔ ቤቱ፣ ስለ ቆሎ ተማሪነት፣ ስለ ጎጆው፣ ስለ ልመናው ጠይቁ፤ ሳይታክቱ ይነግሯችኋል።

ማጣራት

«የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ሁሉ ጠብ ያለበት ነው። አንዱ ቤተሰብ «ሆቴል መጀመሪያ የከፈተው አባቴ ነው» ሲል ሌላውም እንዲሁ ይላል። ሁለት የማይዛመዱ ምስክሮች እስኪገኙ ድረስ «ከመጀመሪያዎቹ አንዱ» ብላችሁ ጻፉ። ከአንድ አያት የሰሙ አምስት የልጅ ልጆች አንድ ምስክር ናቸው።

ከሰው ቀጥሎ ወረቀት ነው፦ የእድር መዝገብ፣ የትምህርት ቤት የስም ዝርዝር፣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የሠርግ ጥሪ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለ የመቃብር ጽሑፍ ከብዙ ክርክር ያድናል። በድሮ ሰነድ ስትፈልጉ ጠቅላይ ግዛቱ «በጌምድርና ስሜን» ይባል እንደነበር አትርሱ፤ «ጎንደር ክፍለ ሀገር» የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። የቀበሌ ቁጥርም ተለዋውጧል። «ቀበሌ 11» ያለ ሰው የየትኛውን ዘመን 11 እንደሆነ ጠይቁት።

ከወረቀት ቀጥሎ ቦታው ራሱ። ተራኪው የጠቆሙት መሠረት፣ የወፍጮ ድንጋይ፣ የጉድጓድ አፍ ዛሬም ካለ በእግር ሄዳችሁ አንሡት።

መጻፍና መመዝገብ

የአንድ ሰዓት ቅጂ ቃል በቃል ለመጻፍ የለመደ ሰው እንኳ ከ5 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሁሉን አትጻፉ። መጀመሪያ በየአምስት ደቂቃው ምን እንደተባለ የሚያሳይ ማውጫ አዘጋጁ፤ ቃል በቃል የሚጻፈው የተመረጠው ክፍል ብቻ ነው። የሚጻፈውም ሰውየው እንደተናገሩት ነው፤ የጎንደር ገጠር አነጋገርን ወደ ቢሮ አማርኛ አትመልሱ።

ካርዱ ይህን ይመስላል (ምሳሌ ነው)፦

ቁጥር፦ 2018-02-07
ርዕስ፦ ቧንቧ ሳይገባ የቀሃ ውሃ መቅጃ
ተራኪ፦ ሴት፣ ዕድሜ 78፣ የቀድሞ ጠላ ነጋዴ (ስም በፈቃድ ወረቀቱ)
የተነገረበት ዘመን፦ 1950ዎቹ
ምንጭ፦ ያየችው፤ ከ22ኛው ደቂቃ በኋላ ከእናቷ የሰማችው
ቦታ፦ በንድፉ ላይ ከ4 እስከ 9
ፈቃድ፦ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ

ፍለጋን የሚገድለው የፊደል መደበላለቅ ነው። «ጎንደር» እና «ጐንደር»፣ «ሥላሴ» እና «ስላሴ»፣ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከመጀመሪያው ቀን አንድ አጻጻፍ ወስናችሁ በአንድ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ሌላውን አጻጻፍ በ«ተመልከት» መስመር አስገቡ። ሰው የሚመዘገበው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደለም፤ ቄስ፣ መሪጌታ፣ ሼህ፣ ፊታውራሪ የሚለው ማዕረግ ከስሙ በኋላ ይግባ። አለበለዚያ ቄሶች ሁሉ በ«ቀ» ሥር ተሰልፈው ይገኛሉ። የፋይል ስም በቁጥር ብቻ ይሁን፤ በፊደላችን የተሰየመ ፋይል በአሮጌ መሣሪያ ላይ ሲከፈት አንዳንዴ ስሙ ሳጥን ሳጥን ይሆናል።

ማስቀመጥና መመለስ

ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። ፍላሽ ዲስክ መጓጓዣ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከየዲስኩ ጥቂት ፋይል ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው አዳምጡ፤ የተበላሸው ካለ ከሌላው ቅጂ ይተካ።

ተራኪው በአንድ ወር ውስጥ የራሳቸውን ቅጂ ያግኙ፣ በልጃቸው ስልክ በሚከፈት ኤምፒ3። ስታስረክቧቸው አብራችሁ አሥር ደቂቃ አዳምጡ፤ «ይህን ተሳስቼ ነው» የሚሉት ነገር አይጠፋም። ያ እርማት በዋናው ላይ አይቆረጥም፤ ለብቻው ተቀርጾ ካርዱ ላይ ይያያዛል።

ተራኪው ራሳቸው ሐሳባቸውን ቀይረው «አጥፉልኝ» ካሉ ይጠፋል፣ ሁሉም ቅጂ፤ ካርዱ ላይ «በባለቤቱ ጥያቄ ተሰርዟል» ተብሎ ቀኑ ይጻፋል። ከሞቱ በኋላ ቤተሰብ ቢጠይቅ ግን ቅጂው ይዘጋል እንጂ አይሰረዝም፤ የጠየቀው ሰው ዝምድናና የተዘጋበት ቀን ይመዘገባል፣ በአምስት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር እንደገና ይነጋገሩበታል።